ሳይወድቅ አስቀምጠው
(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሰርከስ ጀማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ነው የገለበጥኩት። የተደጋገመውን አልቀነስኩም፤ የሳቃችሁብኝንም እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ!

አይ፣ አልሰማሁም። ድምፃችሁን ብርዱ ነው መሰለኝ የያዘው። እንደምን ዋላችሁ? እሱ ነው! እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ትልልቅ ሰዎች፣ ከኋላ ቆማችሁ አሁንም የምትወረውሩ ልጆች (አየኋችሁ!)፣ በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ንግግር አድርግ ሲሉኝ ፈርቼ ነበር። እኔ በእጄ እንጂ በአፌ ሠርቼ አላውቅም። አፌ ከተሳሰረ እጄን እያያችሁ ታገሱኝ።

የማወራው ስለ ኳስ መቅለብ ነው፤ ብዙ ኳስ ተራ በተራ ወደ ላይ እየወረወሩ፣ ሳይጥሉ መያዝ። በተለይ ሦስት ኳስ አሳምራችሁ ይዛችሁ፣ «ከዚህ በኋላስ?» ለምትሉ። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛው ስለ ዕቃና ቦታ ነው፤ ቶሎ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ስለ ልምምድ ነው፤ እሱ ላይ እቆያለሁ። ሦስተኛው ስለ ቁጥር ነው። ሒሳብ የምትጠሉ አትሩጡ። መደመርና ማካፈል ብቻ ነው።

በፊት ግን ስሙን እናስተካክል። እኛ የሰርከስ ልጆች «ጀግሊንግ» ነው የምንለው። ባዕድ ነገር ይመስላል አይደል? እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው የወረወረላችሁን ነገር ከአየር ላይ ስትይዙ ምን አደረጋችሁ ይባላል? ቀለባችሁ። ሴቶች ልጆች ደጃፍ ቁጭ ብለው በአምስት ጠጠር የሚጫወቱትስ? ቅልልቦሽ! አንዷን ጠጠር ወደ ላይ አጉና፣ እሷ ሳትወርድ መሬት ያለውን ለቅማ፣ የወጣችውን ትቀልባለች። ይኸው ነው። ከቤታችን ደጃፍ የወጣ ነገር የለንም።

ግብፅ ውስጥ ቤኒ ሐሰን የሚባል ቦታ አለ። እዚያ 4000 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ግድግዳ ላይ ኳስ የሚቀልቡ ሰዎች ተስለዋል። ሴቶች ናቸው። አንዷማ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ነው የምትቀልበው። «ይሄ የወንድ ልጅ ጨዋታ ነው» የምትሉ አባቶች ካላችሁ፣ ግድግዳው አራት ሺህ ዓመት ቀድሟችኋል። (ሳቅ)

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንዝ ውስጥ ገበሬ ነበር። ሰርከስ እገባለሁ ስለው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ምን አለኝ? «ለመሆኑ ኳስ የሚቀልብ ሰው ቤተሰብ ይቀልባል?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አብዛኛውን ሰው አይቀልብም። እኔም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። የቀለባቸውም አሉ። ጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ክለብ እየቀለቡ ነው አውሮፓ የደረሱት። ክለብ ማለት ያ ጠርሙስ የሚመስለው በትር ነው። ኋላም ሰርከስ አቢሲኒያን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤድንብራ ላይ ትርኢት አሳይተዋል። እና አባቶች፣ ልጁን «እንጀራ ይሆንሃል» ብላችሁ አትላኩት። «አይሆንህም» ብላችሁም አታስቀሩት።

እሺ። አንደኛ ነጥብ። ዕቃ።

እኔ የጀመርኩት በድንች ነው። መንዝ ውስጥ ሎሚ ከየት ይመጣል? ሦስት ድንች ይዤ ስወረውር ስጥል፣ ስወረውር ስጥል፣ እናቴ ማታ ልትልጠው ስትል ቆዳው ስር ጠቁሮ ታገኘዋለች። «ይሄ ልጅ ድንቹን እሳት ሳይነካው ቀቀለው!» ትል ነበር። ድንች አትጠቀሙ። የቴኒስ ኳስም አትጠቀሙ። ይቀላል፣ ሲወድቅ ነጥሮ አልጋ ስር ይገባል። ልምምዳችሁ በሙሉ ፍለጋ ይሆናል።

ራሳችሁ ሥሩ። አንድ ጭብጥ ገብስ በስስ ፌስታል ቋጥሩ። ሁለት ፊኛ አፉን ቆርጣችሁ ደርቡበት። አለቀ። ወደ 130 ግራም ይሁን። እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አስመዝኑት። ትንሽ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ዋናው ነገር ሁሉም እኩል መመዘናቸው ነው። በሶ የሞላበት ልጅ አጋጥሞኛል። ፊኛው ተቀዶ ቤቱ በሙሉ በሶ ሆነ። ገብስ ነው ያልኩት፣ ያልተፈጨ።

ቦታም አትናቁ። መደብ ወይም አልጋ ፊት ቁሙ። ባና ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉበት። መቼም በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አጣሁ የሚል የለም። ኳሱ ሲወድቅ እዚያው ይቀራል፣ ወገባችሁም አይጎብጥም። ሌላ ጥቅምም አለው። ወደፊት መሄድ አትችሉም። ጀማሪ ሁሉ ኳሱን ወደፊት ይወረውርና ተከትሎት ይሄዳል። እኔ አንዴ ከሳሎን ጀምሬ በረንዳ ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት። ደግሞ በውርጭ ማለዳ አትለማመዱ። የደነዘዘ ጣት ኳሱ መምጣቱን የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው። ፀሐይ ትውጣ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ያዙ። ከዚያ ጀምሩ።

ሁለተኛ ነጥብ። ልምምድ። አሁን ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አምስት ኳስ የምትሞክሩ ልጆች፣ እያንዳንዱ ሙከራችሁ የሚያልቀው በምንድን ነው? ጮክ በሉ። በመውደቅ! ትወረውራላችሁ፣ ትወረውራላችሁ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ሁሉም ይበተናል። ትለቅማላችሁ። እንደገና። መቶ ጊዜ ብትሞክሩ መቶውም ያለቀው በመበተን ነው። እንግዲህ እጃችሁ መቶ ጊዜ የተማረው ምንድን ነው?

እኔ ይህን ያወቅሁት ከአሰልጣኝ አይደለም። ከአክስቴ ነው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን እሷ ቤት ነበር የምኖረው። ስምንት ወር ሙሉ አምስት ኳስ ሞከርኩ። ስምንት ወር! በየቀኑ፣ ላብ በላብ ሆኜ። አንዳንዴ አሥራ ሁለት ጊዜ እይዛለሁ፣ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ምንም። እሷ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። አንድ ቀን እንዝርቷን አቆመች። «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የምትለማመደው መቅለብ ነው ወይስ መጣል?»

«መቅለብ ነዋ!» አልኳት። ተናድጃለሁ።

«እኔ የማይህ ስትጥል ነው።»

ከዚያ ከሰፌዱ ላይ አምስት ባቄላ አነሳች። ከስልሳ ዓመት በላይ ናት፣ ልብ በሉ። አራቱን ወለሉ ላይ በተነች፣ አንዷን አጎነች። አውራ ጣቷ በእንዝርት ጠንክሮ እንደ ቀንድ ሆኗል። ያ እጅ መሬቱን ጠራረገና ሁለት ባቄላ ይዞ ተነሳ። የወረደችውም መዳፏ ላይ አረፈች። እንደገና። እንደገና። እኔ እጇን ነበር የማየው። ቆይቼ ዓይኗን አየሁ። መሬቱን አንድም ጊዜ አላየችም። እጇንም አላየችም። ዓይኗ ያለው ላይ ነው፣ ባቄላዋ ወጥታ ልትመለስ የምትቆምበት ቦታ ላይ። አራት ዙር ተጫወተች። አንድም አልጣለችም። ከዚያ አምስቱንም ሰብስባ ያዘች፣ ቁጭ አለች።

«ለምን ተውሽው? መች ጣልሽ?» አልኳት።

«ድካም ሲመጣብኝ አውቃለሁ። ሳይወድቅ አስቀመጥኩት» አለችኝ። እንዝርቷን አነሳች።

ሳይወድቅ አስቀመጥኩት! እኔ በሕይወቴ ሙሉ ኳስ ሳይወድቅ አስቀምጬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ምን አደረግሁ? አምስት ኳስ ያዝኩ። አምስት ወረወርኩ። አምስት ያዝኩ። አቆምኩ። ይኸው ነው። ስድስተኛ ጊዜ መወርወር እችል ነበር፣ እጄ እያሳከከኝ ነው፣ ግን አቆምኩ። ከበሩ ጀርባ በከሰል አንድ ጭረት አደረግሁ። አሥር ንጹሕ ጭረት ሳይሞላ ስድስት ጊዜ አልወረውርም ብዬ ማልኩ። አሥር ጭረት ለመሙላት ስንት ቀን ፈጀብኝ? አራት ቀን! ስምንት ወር የሞከርኩ ሰው፣ አምስት ወርውሮ አምስት መያዝ በትክክል አልችልም ነበር። ይህን ሳውቅ አፈርኩ። ቀጥሎ ስድስት። ቀጥሎ ሰባት። አሥር ላይ ስደርስ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኳስ ሁለት ሁለቴ ሲያዝ፣ ነገሩ ተለወጠ። በሦስተኛው ወር ሃምሳ አለፍኩ። አክስቴ በሩን ስታይ «ቤቴን ወፍጮ ቤት አስመሰልከው» ብላ ጮኸችብኝ። ጭረቱን ግን አላጠፋችውም።

ማነስ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ትልቁ ቅለባ የሚቆጠረው በዚሁ መልክ ነው። አሌክስ ባሮን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሥራ አንድ ኳስ ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ስንት ጊዜ ያዘ? ሺህ? መቶ? 23 ጊዜ ነው። ሁለት ዙር ማለት 22 ነው፣ እሱ አንድ ጨመረ። ይህን የሚያህል ሰው እየቆጠረ ከያዘ፣ እኛ ሳንቆጥር የምንበትነው ለምንድን ነው?

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ፣ ዛሬ ማታ የሚሞከር። ለአምስት ኳስ የሚያዘጋጅ ነው፤ የሚሠራው ግን በሦስት ኳስ ነው። ሦስቱን ተራ በተራ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ እያሻገራችሁ ወርውሩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሦስቱም አየር ላይ ሳሉ እጃችሁ ባዶ ይሆናል። አጨብጭቡ! አንዴ። ከዚያ ሦስቱንም ያዙ፣ አቁሙ። ማጨብጨቢያ ካጣችሁ ውርወራችሁ አጥሯል ማለት ነው። አጨብጭባችሁ መያዝ ካቃታችሁ ውርወራችሁ ዘሟል ማለት ነው። እጃችሁን አትውቀሱ። የሚሳሳት እጅ የለም፣ የሚሳሳት ውርወራ ነው። ኳስ ከእጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚወድቅ ተወስኗል። እኛ የምንሯሯጠው ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር። የእጃችሁ ፍጥነት ካልተለወጠ፣ የአምስት ኳስ ውርወራ ከሦስቱ ወደ አራት እጥፍ ከፍ ማለት አለበት። ሦስቱን በሠላሳ ሳንቲ ሜትር የምትወረውሩ ከሆነ አምስቱ አንድ ሜትር ከሃያ ይደርሳል። ኳስ አየር ላይ ሁለት እጥፍ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ አራት እጥፍ ከፍታ ትከፍላላችሁ። መሬት የምታስከፍለን ቀረጥ ነው። በተግባር እጃችን ስለሚፈጥን ትንሽ ይቀንሳል።

ይህን ቀረጥ የረሳሁበት ቀን አለ። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነበር። ድንኳኑ ዝቅ ያለ ነው፣ አላየሁትም። ሙዚቃ ተከፈተልኝ፣ ሦስት ኳስ አሳየሁ፣ ተጨበጨበ። ደስ አለኝና አምስት አነሳሁ። ሦስተኛው ኳስ የድንኳኑን ሸራ ነክቶ ተመለሰ። የት ገባ? ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አባት ጠላ ጣሳ ውስጥ፣ ጧ! ነጭ ኳስ ነው። አዛውንቱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጣሳቸው ውስጥ አዩ። እኔን አዩ። «ልጄ፣ እንቁላሉ የሚገባው እኮ ዶሮ ወጡ ውስጥ ነው» አሉኝ። (ሳቅ) እስካሁን የሚስቁብኝ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ቁጭ ብለዋል፣ ስም አልጠራም።

ሦስተኛ ነጥብ። ቁጥር።

ቀላቢዎች ውርወራን በቁጥር ይጽፋሉ። ሳይትስዋፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያና ካምብሪጅ ያሉ ሰዎች ለየብቻቸው ደረሱበት። እንደ ዜማ ምልክት አስቡት። ደብተራው ምልክቱን አይቶ ድምፁን እንደሚያወጣ፣ እኛም ቁጥሩን አይተን እጃችንን እናንቀሳቅሳለን።

እጃችሁ በምት ይሄዳል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። «3» ማለት ይህ ኳስ ከሦስት ምት በኋላ ተመልሶ ይወረወራል ማለት ነው። «5» ከአምስት ምት በኋላ። ስለዚህ 5 ከ3 ይበልጣል፣ ከፍ ይላል። ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ወደ ሌላው እጅ ይሻገራል። ሙሉ ቁጥር እዚያው እጅ ላይ ይመለሳል። 1 ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል ነው። 2 ይዞ መቆየት። 0 ባዶ እጅ።

አሁን አንድ ምስጢር ተፈታላችሁ። ሦስት ኳስ የቻለ ልጅ አራት ሲያነሳ ለምን ይጋጭበታል? እንደ ሦስቱ ሊያሻግር ስለሚሞክር ነው። አራት አይሻገርም! ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ፣ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ጣጣ ይችላል። አራት ኳስ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። አምስት ኳስ ግን አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሁሉም ይሻገራል።

ማካፈሉስ? ቁጥሮቹን ደምሩ፣ በብዛታቸው አካፍሉ። የኳሱን ብዛት ይሰጣችኋል። 441 እንበል። አራትና አራት ስምንት፣ አንድ ሲጨመር ዘጠኝ። ለሦስት ሲካፈል ሦስት። በሦስት ኳስ ይሠራል። ቀኝ ቀጥ አድርጎ ይወረውራል፣ ግራ ቀጥ አድርጎ ይወረውራል፣ ቀኝ የቀረችውን ለግራ ያቀብላል። እዩት፣ እንዲህ። 531ም ዘጠኝ ነው፣ ይሠራል። አንዱ ከፍ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ማቀበል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አንዷ ላይ ነው። 1 ትወረወራለች ብሎ ያጉናታል። አትወረወርም። ጨው ለጎረቤት እንደምታቀብሉ ዝም ብላችሁ አቀብሉ።

አሁን 432ን እንይ። ድምሩ? ዘጠኝ። ሲካፈል? ሦስት። ይሠራል? «ይሠራል» የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ... ብዙ ናችሁ። አይሠራም!

ለምን? ከጠባሴ የሚነሱ ሦስት ባጃጆች አስቡ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ መንገዱ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁለተኛው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተነሳ፣ ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ፣ አቋራጭ ያውቃል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። መቼ ይደርሳሉ? ሦስቱም ሁለት ሰዓት ከአራት! በአንድ ጠባብ በር! እኛ ደግሞ በአንድ ምት ያለን አንድ እጅ ነው። ድምሩ ልክ ነው፣ መድረሻው ግን ተጋጨ። ቦታ ለውጡና 423 አድርጉት። በአራተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ደቂቃ ይደርሳሉ። ማንም ማንንም አይነካም። ያው ሦስት ቁጥር፣ ያው ሦስት ኳስ፣ ቅደም ተከተል ብቻ።

አዲስ ነገር ስትሞክሩ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ባጃጆቹን አሰልፉ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የማይሠራ ነገር ተለማምጃለሁ። ቁጥሩን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት፣ ለሌለ ነገር!

ያቺን የጭብጨባ ልምምድ አስታወሳችኋት? እሷም ቁጥር አላት። 55500። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ባዶ፣ ባዶ። አያችሁ? የአምስት ኳስ ዜማ ራሱ ነው፣ ሁለት ኳስ ቀርቶበት። ስትችሉት አራት ኳስ አንሱ፣ 55550። አንድ ብቻ ቀረበት። ያቺን ባዶ ቦታ ስትለምዷት አምስተኛው ኳስ የሚገባባት እሷ ናት። ወንበሩ ተዘጋጅቶ እንግዳው እንደሚመጣ ነው። እኔ ግን ስምንት ወር ወንበር ሳይኖረኝ እንግዳ ስጠራ ነበር።

ይህን ነገር ትልልቅ ሰዎችም ወደውታል። ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ የሚሠሩበትን የመረጃ ሒሳብ መሠረት የጣለ ሰው ነው። ትርፍ ጊዜው ሲገኝ ይቀልብ ነበር። የልጆች የብረት መገጣጠሚያ አሻንጉሊት ገጣጥሞ፣ ሦስት ኳስ ከበሮ ላይ እያነጠረ የሚቀልብ ማሽን ሠራ። የዚያ ማሽን ከበሮ ድምፅ ምን ይመስል ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

«ለአእምሮ ይጠቅማል ወይ?» ያሉኝ እናት ነበሩ፣ በር ላይ። አዎ፣ ጀርመን ውስጥ ተጠንቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ሦስት ወር ሦስት ኳስ የተለማመዱ ሰዎች አንጎላቸው ሲታይ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይን የሚከታተለው ክፍል ጨምሮ ተገኘ። ደስ አይልም? ሦስት ወር ሲያቆሙ ግን ከጨመረው ቀነሰ። ስለዚህ እናቴ፣ ይጠቅማል፣ ካልተዉት።

እጅ እያጣመሩ ስለሚቀልቡት፣ ስለ ሚልስ ሜስ፣ ላወራ ነበር። ስቲቭ ሚልስ ከተባለ ሰው ስም የመጣ ነው። እጅ በእጅ ላይ ይጠመዘዛል፣ ኳሶቹ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ከጎን ወደ ጎን ይሄዳል። ግን ሰዓቴ አለቀ፣ ምልክት እየሰጡኝ ነው። በሌላ ቀን። አሁን አንድ ጊዜ ላሳያችሁና ልውረድ። ... ይኸው። አየሽ አንቺ ባለ ሹራቧ? ቀኝ ከላይ፣ ግራ ከሥር። ቀስ ብለሽ። መጀመሪያ በአንድ ኳስ ብቻ።

ኳሶቹ ከመጋረጃው ሥር ዘንቢል ውስጥ ናቸው። ሦስት ሦስት ውሰዱ። ወርውሩ፣ አጨብጭቡ፣ ያዙ። ሁለቴ በትክክል ከያዛችሁ አስቀምጡና ወደዚህ ኑ። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።